ሁለተኛው ረገጣ ላይ የሚይዝ ፍሬን

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ መኪናቸውን ትራክ ላይ፣ ማለት የመኪና ውድድር መሮጫ ላይ፣ ለሚነዱ ልጆችና ለወላጆቻቸው የተናገርኩት ነው። ሳቁንና ሳሉን አውጥቼዋለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።

እንደምን አመሻችሁ!

ምነው ድምፅ ጠፋ? ሞተር ስታስነሱ እኮ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚነቃው። እስቲ እንደገና። እንደምን አመሻችሁ? አዎ፣ እንደዚህ ነው።

ጋራዡን ለከፈተልን ወንድማችን እግዜር ይስጥልን። ቡና ላፈላችሁልን እህቶቻችንም እንዲሁ። ጋሼ፣ እዚያ በሩ ጋ የቆሙት፣ ወንበር አለ፣ ወደ ፊት ይምጡ። ልጅዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ዌስት ቨርጂኒያ ምን እንደሚሠራ ሊሰልሉ እንደመጡ ገብቶኛል። ጥሩ አደረጉ። ዛሬ ሁሉንም ይሰማሉ።

ስለ ፍሬን እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ስለ ፍሬን ሁሉንም ካወራሁ ይነጋብናል። ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ መረጥኩ። እዚህ አገር ኖክባክ ይሏታል። በእኛ ቋንቋ ስም ሲሰጧት አልሰማሁም፤ እኔ «የሸራ መገፋት» እላታለሁ፤ ሸራ ማለቴ ዲስኩን ጨምቆ መኪናውን የሚያቆመውን ነው። ሦስት ነገር እናገራለሁ፦ ምን እንደሆነች፣ ከሌላ የፍሬን ችግር እንዴት እንደምትለይ፣ እንዴት እንደምንከላከላት። በመሀል ከመንገድ ብወጣ ታገሱኝ። ከመንገድ መውጣት ልማዴ ነው፤ አሁን ትሰማላችሁ።

መኪናዬን ታውቋታላችሁ። የ2012 ማስታንግ ጂቲ፣ ባለ 5.0 ሊትር ሞተር። የፊት ፍሬኗ ብሬምቦ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ነው፤ በየጎማው ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚገፉ አራት ፒስተኖች አሉት፤ ዲስኳ 14 ኢንች። ስገዛት «በዚህች መኪና ፍሬን አነሰኝ ማለት ዘበት ነው» ብዬ ነበር።

አሁን ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ትራክ፣ ወደ ሰሚት ፖይንት፣ እንሂድ። ለማታውቁት፣ ዋናው ትራክ 2 ማይል ነው፤ 10 ኩርባ አለው። 10ኛው ኩርባ ወደ ቀኝ የሚዞር ፈጣን ኩርባ ነው። ከእሱ ስትወጡ ረጅሙ ቀጥታ ይጀምራል። ቀጥታው ሲያልቅ 1ኛው ኩርባ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። እንግዲህ ልብ በሉ። 10ኛው ላይ መኪናዋ ክብደቷን ግራ ጎማዎቿ ላይ ጥላ ትዞራለች። ከዚያ ቀጥታው ላይ ማንም ፍሬን አይነካም። ከዚያ ወዲያው በትራኩ ላይ ካሉት ሁሉ ከባዱን ፍሬን ትፈልጋላችሁ። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረርኩ ፍሬን የምይዝበት ቦታ ደረስኩ። ረገጥኩ። ፔዳሉ ወረደ። ዝም ብሎ ወረደ። ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። ምን አሰብክ ብትሉኝ፣ ምንም። ሰው እዚያ ቦታ ላይ አያስብም። እግሬ ራሱ ተነስቶ ደግሞ ረገጠ። ሁለተኛው ላይ ፍሬኑ ያዘ። ድንጋይ ሆኖ ያዘ! ግን በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በሴኮንድ 55 ሜትር ትሄዳለች። እኔ ያባከንኩት ግማሽ ሴኮንድ ነው። ግማሽ ሴኮንድ 27 ሜትር ነው። አስፋልቱ አለቀብኝ፤ ሣር ላይ ወጣሁ። እመቤቴን ስንት ጊዜ እንደጠራኋት እሷው ታውቃለች።

መኪናዋ አልተነካችም። እኔም አልተነካሁም። ኪሴ ግን ተነካ።

ምክንያቱም ያላደረግኩት ነገር የለም። እኔ ራሴ መካኒክ ነኝ፤ ግን መካኒክ የራሱን መኪና መጨረሻ ላይ ነው የሚያየው። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «አየር ገብቶበታል» አሉኝ። አየሩን አስወጡ፤ ከፈልኩ። ትራክ ሄድኩ፤ ያው ነው። የፍሬን ዘይቱን ውድ በሚባለው ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሸራውን የውድድር ሸራ አደረግኩት፤ ያው ነው! ፍሬን ማስተሩን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን፣ ቀየርኩ። አሁንስ? ያው ነው። እንግዲህ መኪናዋ ጸበል ነው የቀራት።

አንድ ቀን ትራኩ ጋ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ቆሜ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቡናውን ይዞ መጣ። ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሁለተኛው ረገጣ ላይ ይይዛል?» አዎ። «ፔዳሉ ያን ጊዜ ደረቅ ነው ወይስ ስፖንጅ?» ደረቅ ነው። «የሚመጣው ከፈጣን ኩርባ በኋላ ነው?» ዝም አልኩ። አሰብኩ። አዎ! ሁልጊዜ ከ10ኛው በኋላ ነው። ቡናውን አስቀመጠና «ክሪክ አምጣ» አለኝ። የፊት ግራውን አነሳን። ጎማውን ከላይና ከታች ያዘና ነቀነቀው። ተንቀሳቀሰ። በጣም ትንሽ፤ ግን ተንቀሳቀሰ። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታው አልቋል። ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰስኩት ፍሬኑ ላይ ነው። ፍሬኑ ደግሞ ምንም አልሆነም።

እንግዲህ አንደኛው ነጥቤ ይኸው ነው። ይህች ነገር ምንድን ናት?

ሸራ ቀይሮ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። ብዙ ናችሁ። ጥሩ። አዲሱ ወፍራም ሸራ እንዲገባ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ አይደል? ሁሉንም ከገጠማችሁ በኋላ መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ? ፔዳሉን ትረግጣላችሁ። የመጀመሪያው ረገጣ ወለል ድረስ ይወርዳል። ለምን? ፒስተኑ ሩቅ ነው። ዘይቱ መጀመሪያ ፒስተኑን እስከ ዲስኩ ማምጣት አለበት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ስትረግጡ ፔዳሉ ይቆማል።

ኖክባክ ማለት ይኸው ነው። አንድ ሰው መኪናችሁ እየበረረች ፒስተኑን ወደ ውስጥ ገፍቶባችኋል። ማነው የገፋው? ዲስኩ ነው። ዲስኩ ለምን ገፋ? የታሰረበት ነገር ስለተንቀሳቀሰ ነው።

እዩ፣ ካሊፐሩ ውስጥ፣ ማለት ሸራዎቹንና ፒስተኖቹን በያዘው ክፍል ውስጥ፣ ፒስተኑን የከበበ ጎሚኒ አለ። ፍሬን ስትይዙ ጎሚኒው ከፒስተኑ ጋር ትንሽ ይለጠጣል። ስትለቁ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። በጣም ትንሽ ነው፤ ሸራውን ከዲስኩ ለማላቀቅ ያህል። ያ የታሰበበት ነው፣ የፋብሪካ ሥራ ነው። አሁን ግን 10ኛው ኩርባ ላይ ናችሁ። ጎማው አስፋልቱን ነክሶ መኪናዋን ወደ ውስጥ ይገፋል። ኩሽኔታው ከላላ፣ ወይም ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት ሀብ ከተጣመመ፣ ዲስኩ እንደ ሰከረ ሰው ያዘነብላል። ካሊፐሩ ግን ያለበት ቆሟል። ዲስኩ ሲያዘነብል ሸራዎቹን ይገፋል። ሸራው ፒስተኑን ይገፋል። ፒስተኑ ተገፍቶ እዚያው ይቀራል። የሚመልሰው የለም፣ ከእናንተ እግር በቀር።

«ትንሽ ብትገፋ ምን ታመጣለች?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። እስቲ እናስላ። የፊት ካሊፐሮቻችሁ እያንዳንዳቸው አራት አራት ፒስተን አላቸው እንበል፤ የአንዱ ፒስተን ስፋት 40 ሚሊ ሜትር። እያንዳንዱ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ተገፋ። ሩብ ሚሊ ሜትር ሁለት ሦስት ወረቀት ማለት ነው። ሁለቱን ካሊፐር ለመሙላት የሚያስፈልገው ዘይት 2.5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ፍሬን ማስተራችሁ ባለ 1 ኢንች ከሆነ፣ ያን ዘይት ለመላክ 5 ሚሊ ሜትር መግፋት አለበት። ፔዳሉ ደግሞ ማንሻ ነው። አምስት ለአንድ ከሆነ፣ የእናንተ እግር 25 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ምንም ሳይይዝ! ሁለት ሦስት ወረቀት እግራችሁ ሥር ሲደርስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትሆን 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ወለሉ ስንት ነው የሚርቀው?

አንድ ነገር ልጨምር። ይህች ነገር የምትወደው እንደኔ ያለውን መኪና ነው። ካሊፐሩ በሁለቱም በኩል ፒስተን ያለው፣ ታስሮ የማይንቀሳቀስ። ብዙው የመንገድ መኪና ግን ካሊፐሩ በፒን ላይ የሚንሸራተት ነው። ዲስኩ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል፤ ፒስተኑ ብዙም አይገፋም። ስለዚህ ጋሼ፣ የእርስዎ ካምሪ ይህ ችግር የለባትም። ፒኑ ካልደረቀ ማለቴ ነው። ፒኑ ከደረቀ ተንሸራታች መሆኑ ስም ብቻ ነው። አንዳንዱ ልጅ ደህና ተንሸራታች ካሊፐሩን አውጥቶ፣ በውብ ቀይ ቀለም የተቀባ ባለ ስድስት ፒስተን ይገጥማል። ኩሽኔታውን አያየውም። ከዚያ «አዲሱ ፍሬን ከድሮው ባሰ» ይለኛል። ቀይ ቀለሙ ምን አጠፋ?

ሁለተኛ። እንዴት ትለያላችሁ? እዚህ ላይ አጭር ነኝ።

ፔዳሉ ደረቅ ሆኖ መኪናዋ አልቆም ካለች፣ ሸራው ግሏል። ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖ ብትረግጡም ብትረግጡም ስፖንጅ ከሆነ፣ ወይ አየር አለ ወይ ዘይቱ ፈልቷል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል። ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚፈለግበት 155 ብቻ ነው። ዘይት ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ቀይሩት። ፔዳሉ መጀመሪያ ወርዶ ሁለተኛው ላይ ደረቅና ሙሉ ከሆነ፣ ያውም ከኩርባ በኋላ ወይም የትራኩን ጠርዝ ከዘለላችሁ በኋላ፣ ይህች የዛሬዋ ናት።

ከተጠራጠራችሁ ባዶ ሜዳ ሂዱ። ባዶ! የገበያ አዳራሽ ፊት ለፊት ሰው ባለበት አይደለም። ቀስ ባለ ፍጥነት ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያላችሁ ንዱ፣ ፍሬን ሳትነኩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ፔዳሉን ስሙት። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ቀጥታ ነድታችሁ ስሙት። ልዩነት ካለ አገኛችኋት። የትኛው ጎማ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ግራ ቀኙን ነድታችሁ በእጅ ፍሬን ብቻ አቁሟትና በሸራውና በዲስኩ መሀል ያለውን ክፍተት በስስ መለኪያ ለኩ። የሰፋው ይናገራል።

ሦስተኛ። እንዴት እንከላከላት? እዚህ ላይ ቡናችሁን ሙሉ።

ከኩሽኔታው ጀምሩ። ከኩሽኔታው! ሦስተኛ ጊዜ ልበለው? ከኩሽኔታው ጀምሩ። ጎማውን አንሱ፣ ከላይና ከታች ያዙ፣ ነቅንቁ። በእጃችሁ ከተሰማችሁ መጀመሪያ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። በእጃችሁ ካልተሰማችሁም ደህና ነው ማለት አይደለም። እጃችሁ አንድ ቶን አይገፋም። ስለዚህ ትራክ የሚነዳ ሰው ኩሽኔታን እንደ ሸራ ማየት አለበት፤ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ሲቀየርም በርካሹ አይደለም። የማዕከሉን ዳዶ በመጽሐፉ በተጻፈው ጥብቀት እሰሩት፤ «እስኪበቃኝ ጠበቅኩት» የሚባል መለኪያ የለም። ለአንዳንድ መኪና ለትራክ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ሀብ አለ። ለምሳሌ ኮርቬት የሚነዱ ሰዎች ኤስኬኤፍ የሚሠራውን ኤክስ ትራከር ይገጥማሉ። ውድ ነው። እኔ በከንቱ ከቀየርኩት ፍሬን ማስተርና ሸራ ጋር ስታስተያዩት ግን ርካሽ ነው።

ሌላም አለ። ቸርኬያችሁን ወደ ውጭ ያወጣችሁ፣ ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ ስፔሰር የከተታችሁ፣ ስንት ናችሁ? እጅ አላስወጣም፤ ከዚህ ሆኜ ውጭ የቆሙት ይታዩኛል። ቆንጆ ነው። ነገር ግን ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ማንሻ ይረዝማል። የሚጣበቅ የትራክ ጎማ ስትጨምሩ ደግሞ ጉልበቱ ይበዛል። ውበቱን ኩሽኔታው ነው የሚከፍለው።

ቀጥሎ ዲስኩ። ዲስኩ ሲሽከረከር ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ሸራውን በጥፊ እየመታ ይገፋዋል። ፊቱ ሰዓት የሚመስለውን መለኪያ አስጠግታችሁ ዲስኩን አዙሩት። ብዙ መኪና ላይ የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከበለጠ ዲስኩን ለመጣል አትቸኩሉ። አውጡትና ሀቡ ላይ ያለውን ዝገት አጽዱ። አንዲት የዝገት ቅርፊት ከሥሩ ብትገባ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ታድጋለች። የጎማውን ዳዶም በኮከብ ቅርጽ፣ በመለኪያ እሰሩ። አንድ ጎሚስታ በአየር መፍቻው «ድርድርድር» አድርጎ አስሮ ሲለቅላችሁ ዝም አትበሉት።

አሁን ወደ እግራችሁ። ይህኛው ነጻ ነው።

ቀጥታው ላይ፣ መሪው ቀጥ እንዳለ፣ ፍሬን ከምትይዙበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብላችሁ፣ በግራ እግራችሁ ፔዳሉን ዳበስ አድርጉት። ዳበስ! ቀኝ እግራችሁ ነዳጁ ላይ እንዳለ። መኪናዋ ፍጥነት መቀነስ የለባትም። የምትፈልጉት ሸራው ዲስኩን ሲነካ እንዲሰማችሁ ብቻ ነው። ፔዳሉ ከወረደባችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ዳብሱ። ያን ጊዜ 1ኛው ኩርባ ላይ ስትደርሱ ሸራው ቦታው ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ይህን ስናገር አጎቴ ትዝ ይለኛል። አይሱዙ ይነዳ ነበር፤ እኔ ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት አብሬው እሄዳለሁ። ጎሐ ጽዮን ላይ ሻይ ይጠጣል። ከዚያ ዓባይ በረሃን ከመውረዱ በፊት፣ ገና ሜዳው ላይ እያለን፣ ፍሬኑን ነካ ያደርጋል። ነካ፣ ነካ። «ምን ሆነ?» እለዋለሁ። «ምንም። መኖሩን እየጠየቅኩት ነው» ይለኛል። «ቁልቁለቱ ላይ ሆኜ ከምጠይቀው እዚህ ብጠይቀው አይሻልም?» የከባድ መኪና ፍሬን ሌላ ነው፤ በሽታውም ሌላ ነው። ግን ስንት ዓመት ቆይቶ፣ ያ ሽማግሌ ፈረንጅ በግራ እግሬ ዳበስ ማድረግ ሲያስተምረኝ፣ እኔ የሰማሁት የአጎቴን ድምፅ ነው። ነፍሱን ይማረው።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግራ እግራችሁ የሚያውቀው ፍሪሲዮን ብቻ ነው። መዳበስ አያውቅም፤ መርገጥ ነው የሚያውቀው። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፣ ማኪያቶዋን ይዛ። ማኪያቶው መስታወቱ ላይ ሄደ። እኔም ከዚያ በኋላ ብቻዬን ተለማመድኩ። ስለዚህ ትራክ ከመግባታችሁ በፊት ተለማመዱ። ከኋላችሁ ያለው ሰው የፍሬን መብራታችሁን እንደሚያይም አትርሱ፤ በጣም ተጠግቷችሁ ከሆነ አስቡለት። አንዳንድ አዲስ መኪና ደግሞ ነዳጅና ፍሬን አንድ ላይ ከተነኩ ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንሳል። የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ነዳጁን ለቅጽበት ለቀቅ አድርጋችሁ ዳብሱ።

ኩርባው ጠርዝ ላይ ያሉትን ቀይና ነጭ ግንቦችም እንደ ፈረስ አትዝለሏቸው። እያንዳንዱ ምት ዲስኩን ያወዛውዛል።

የቀሩት ዕቃዎች ናቸው፤ ቶሎ ልለፋቸው። ከፒስተኑ ጀርባ የምትገባ ትንሽ ሞላ አለች። ፒስተኑ ሲገፋ መልሳ ትገፋዋለች። አንዳንድ የውድድር ካሊፐር ይዟት ይመጣል። ትሠራለች፤ ግን ሸራው ዲስኩን ሁልጊዜ በትንሹ ይዳብሳል፣ ያ ሙቀትና ብክነት ነው። ደግሞ የላላ ኩሽኔታ ላይ ሞላ መግጠም፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ ማስቀመጥ ነው። ሁለት ቁራጭ የሆነ ተንሳፋፊ ዲስክም አለ። ዙሪያው ከመሀሉ ጋር ልቅ ስለሚታሰር ሀቡ ሲያዘነብል ዲስኩ ራሱ ቦታውን ያስተካክላል። በጣም ጥሩ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ያስተክዛል። መስመሩ ላይ ግፊት የሚይዝ ቫልቭ ግጠም የሚሏችሁ ይኖራሉ። ያ ቫልቭ የተሠራው ለሌላ ችግር ነው፤ ገንዘባችሁን ያዙ።

ጥያቄ እንዳላችሁ አያለሁ። አዎ፣ አንተ ባለ ጥቁሩ ኮፍያ። ... «ኩሽኔታውን ቀይሬ አሁንም ካለስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የእኔም እንደዚያ ሆናለች። የፊት ግራውን ቀየርኩ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የፊት ቀኙንም ቀየርኩ፤ ከዚያ ልትጠፋ ትንሽ ቀራት። አሁን የቀረችውን በግራ እግሬ ነው የምይዛት። ዘንድሮ ሰሚት ፖይንት ላይ በየዙሩ ከ10ኛው ወጥቼ እዳብሳለሁ። አንዳንዴ ፔዳሉ ላይ ነው፣ አንዳንዴ ትንሽ ወርዷል። እኔ ግን አውቄ ነው 1ኛው ጋ የምደርሰው።

በሉ፣ ወሬው ይብቃ። መኪናዬ ውጭ ክሪክ ላይ ናት፤ የፊት ግራው አየር ላይ ነው። ከአሮጌው ኩሽኔታ ጋር እንድታስተያዩት እሱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላችኋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ አንድ እጅዎን ከላይ፣ አንዱን ከታች።